ረጅም ነው በዪው

እኛ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ያደግን ልጆች ሁለት ምላስ አለን። ውሸታሞች ነን ማለቴ አይደለም፤ ውሸታም የትም አገር አይጠፋም። ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ደጅ ስንወጣ ዓረብኛ እንናገራለን ማለቴ ነው። እናቴ ሁለቱን ስናደባልቅ አትወድም ነበር። ወንድሜ ማስረሻ እራት ላይ አንድ የዓረብኛ ቃል ካመለጠው «ያንን ከጫማህ ጋር ደጅ አውልቀህ ግባ አላልሁህም?» ትለዋለች። እሱም የእውነት ተነሥቶ በሩ ድረስ ይሄድና እግሩን አራግፎ ይመለሳል። እሷ እንዳትሥቅ ከንፈሯን ትነክሳለች። በእኛ ቤት ሳቅ የሚጀመረው እንዲህ ነበር።

ይህን ያለ ነገር አላነሣሁትም። አሁን የምነግራችሁ ነገር የደረሰው አንደኛውን ምላሴን ዘግቼ ሁለተኛውን መዝጋት ስለ ረሳሁ ነው።

ያኔ ገበያው አጠገብ በአንዲት ሱዳናዊት የልብስ ስፌት ቤት እሠራ ነበር። የትምህርት ቤት ዩኒፎርምና የትራስ ጨርቅ እንሰፋለን። እናቴን ሰፈሩ እትየ የሻረግ ይላታል፤ ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ታበጥራለች። በመተማ በኩል ተሻግረን የመጣነው አባቴ ለእርሻ ሥራ ይዞን ነው። አባቴ እዚሁ ታሞ ሞተ። እናቴ ያን ጊዜ ልብሱን አንድ በአንድ አጥፋ፣ በነጠላ ቋጥራ ለሰው ሰጠች። እኔ ትንሽ ብሆንም አስታውሰዋለሁ፤ ከለቅሶው ይልቅ ያ ቋጠሮ ነው በዓይኔ የቀረው።

ማስረሻ የእኔ ታላቅ፣ ለቤቱም ያለው አንድ ወንድ፣ ካርቱም ሄዶ ዳቦ ቤት ገባ። ልብሱን አብዛኛውን ትቶልን ነው የሄደው። እዚያ ዱቄት ነው የምለብሰው ብሎ። ተረከዙ ድረስ የሚደርስ ነጭ ጀላቢያ፣ ለጓደኛው ሠርግ ሚዜ ሲሆን ያሰፋው ሰማያዊ ኮት፣ ሸሚዞች፣ ሱሪዎች። እናቴ ከግድግዳ ግድግዳ ገመድ ወጥራ ሁሉንም ሰቀለቻቸው። ሻንጣ ውስጥ እናድርጋቸው ያላት ሰው ወዮለት። በእሷ ቤት የሞተ ሰው ልብስ ነው የሚታጠፈው፤ የሄደ ሰው ልብስ እንደ ተሰቀለ ይጠብቃል። ይህን ከማን እንደ ወረሰችው አላውቅም። ምናልባት አባቴን ስትቀብር ራሷ ያወጣችው ሕግ ይሆናል።

ከዚያ ጦርነቱ ካርቱም ላይ ፈነዳ። ማስረሻ መጀመሪያ ሰሞን ይደውል ነበር፤ ኋላ ስልኩ ጠፋ። እናቴ «ኔትዎርክ የለም» የሚለውን ቃል የተማረችው ያን ጊዜ ነው። ለጠየቃት ሁሉ «ልጄ ደኅና ነው፤ ኔትዎርክ ነው የሌለው» ትላለች።

ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ዳቦ ቤት አብሮት ይሠራ የነበረ ልጅ በብዙ ዙሪያ ተጉዞ ገዳሪፍ ገባ። ወደ እኛ ቤት ለመምጣት ልቡ እምቢ ብሎት የእድራችን ሰብሳቢ ጋሸ ታደለ ዘንድ ሄደ። ጋሸ ታደለ እኔን ከስፌት ቤት አስጠሩኝ። ልጁ ቀና ብሎ አላየኝም። መድፍ ዳቦ ቤቱ ላይ እንደ ወደቀ፣ ማስረሻ ከምድጃው አጠገብ እንደ ነበረ፣ ጎረቤቶች እዚያው ጓሮ እንደ ቀበሩት መሬት መሬት እያየ ነገረኝ። ነጠላየን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ አለቀስሁ።

«ለእናትሽ አሁን አይነገርም» አሉኝ ጋሸ ታደለ። «ሰው የለም፣ ልጄ። ወንዱም ሴቱም አጨዳ ወርዷል። ቄሱም ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ናቸው። በባዶ ቤት እንዴት መርዶ ይነገራል? ብቻዋን ታልቅስ? አዝመራው ይግባ፤ ሰው ሲሰበሰብ፣ በወጉ፣ ማለዳ ሄደን እንነግራታለን። እስከዚያ ቻይው።»

ምን እላለሁ? ወጉ እንደዚያ ነው። ፊቴን ታጠብሁና ወደ ቤት ሄድሁ። እናቴ ዓይኔን አይታ «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። «የሰሊጥ ትቢያ ገብቶብኝ» አልኋት። እሷ መጋዘን ውላ ዓይኗ ንጹሕ ነበር፤ ስፌት ቤት የዋልሁት እኔ ነኝ ትቢያ ገባብኝ ያልሁት። ደግነቱ ልብ አላለችውም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰነበትን። እሷ ስለ ማስረሻ ስታወራ «ይወዳል፣ ይበላል፣ ይመጣል» ትላለች። እኔም «አዎ፣ ይወዳል፣ ይመጣል» እላለሁ። በአማርኛ ምላሴ ላይ ዘበኛ አቁሜ ነበር። አንድም ቀን አልሳትሁም።

አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ሰማያዊውን ኮት በሁለት እጇ ይዛ ብርሃን ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ትርንጎ፣ ወዲህ ነይማ። ይኼን እይው።»

የእጀታውን ጫፍ ብል በልቶታል። ቀዳዳው ጣት ያሾልካል።

«እማየ፣ አጥፈን ሻንጣ ውስጥ ብናደርገው...»

«አፍሽን ያዢ! ያባትሽን ነው ያጠፍሁት።» ኮቱን ከእኔ አሸሸችው። «ስሚ፣ እዚያ ኒሙ ዛፍ ሥር የሚሠራው አናጢ ጋ ሂጂ። ቁም ሳጥን ይሥራልኝ። በር ያለው፣ ብል የማያስገባ። ልጄ ሲመጣ ልብሱን ከመስቀያው አውርዶ ይልበስ።»

«ትንሽ ብንቆይስ፣ እማየ?»

«ምኑን ነው የምንቆየው? ብሉ ኮቱን እስኪጨርስ?» ወዲያው ቁጣዋ በረደና ፈገግ አለች። «ልጄ ረጅም ነው በዪው። ለአጭር ሰው እንደሚሠራ አሳጥሮ እንዳይሠራው። ጀላቢያው መሬት መንካት የለበትም።»

ግቢውን አልፌ መንገድ ከያዝሁ በኋላ እንኳ ከበር ብቅ ብላ ጮኸችብኝ፦ «ረጅም ነው በዪው! እንዳትረሺ!»

አናጢው ኡስታ ባቢክር ይባላል። ኡስታ እንግዲህ በእነሱ ባለሙያ ማለት ነው። የኦምዱርማን ሰው ነው፤ ጦርነቱ ሲመጣ ቤቱንም የሥራ ቦታውንም ጥሎ፣ መጋዙንና መላጊያውን በከረጢት አንጠልጥሎ ገዳሪፍ ገባ። ጣውላ ስለ ተወደደ አሮጌ ሳጥንና የጭነት መኪና ጎን እየፈታ ነው የሚሠራው። ሽማግሌ ነው፤ ወሬ ይወዳል፣ በተለይ የእንጨት ወሬ።

«አህለን ያ ቢቲ፣ ምን ልሥራልሽ?» አለኝ። ያ ቢቲ፣ ልጄ ማለቱ ነው።

«ዱላብ እፈልጋለሁ።»

ሣቀ። «የቱን ዱላብ? ዱላብ ብቻ ብሎ ትእዛዝ የለም።»

እውነቱን ነው። እኛ በአማርኛ ሁለት ስም አለን፤ ሰሃንና ብርጭቆ የሚደረደርበት ቡፌ፣ ልብስ የሚሰቀልበት ቁም ሳጥን። በዓረብኛ ሁለቱም ዱላብ ነው። ኡስታው ይህን ለማስረዳት አጋጣሚ እንዳገኘ ሰው ደስ ብሎት፣ ከጆሮው እርሳሱን አውርዶ ጣውላ ላይ ሁለት ሣጥን ሣለ።

«ይኼ የዕቃ ዱላብ ነው። ጥልቀቱ ትንሽ ቢሆን ግድ የለውም፤ ሰሃን ቦታ አይፈልግም። ይኸውልሽ መደርደሪያዎቹ፤ ግራውንና ቀኙን ጎን አንቀው የያዙት እነሱ ናቸው። የኛ ጎድን አጥንት እንደሚይዘን። ስስ ጣውላ ብትሰጪኝ እንኳ ቆሞ ይውላል።» ወደ ሁለተኛው ሥዕል ዞረ። «የልብስ ዱላብ ግን ሆዱ ባዶ ነው። ከላይ ዘንግ፣ ከታች ወለል፣ መሐሉ አየር። መሐሉን የሚይዝለት የለም። ስለዚህ ጀርባው ሙሉ መሆን አለበት፣ ጎኑ ወፍራም መሆን አለበት፣ ጥልቀቱም የሰው ትከሻ ማስገባት አለበት። አለዚያ በሩ ሲዘጋ እጀታ ይነክሳል። በሩም ረጅም ስለሆነ እንዳይዘም መሐሉ ላይ ሌላ ማጠፊያ ይፈልጋል። ሰው ከባዱ ዕቃ የሚሸከመው ይመስለዋል። ባዶ ሆኖ ቀጥ ብሎ የሚቆም መሥራት ነው የሚያስቸግረው።»

«እኔ የልብሱን ነው የምፈልገው» አልሁ።

«የማን ልብስ?»

«የወንድሜ።»

«ጀላቢያ አለው?»

«አለው።»

«እንግዲያው ዘንጉን የማስርበትን ልወቅ። ሰውየው ረጅም ነው?»

«ካን ጠዊል» አልሁት።

እናቴ ያለችውን ማድረሴ ነበር። ረጅም ነው ለማለት ዓረብኛ «ነው» የሚል ቃል እንኳ አይጠይቅም፤ «ሁ ጠዊል» ብቻ ይበቃል። እኔ ግን አንድ ቃል ጨመርሁ። ካን። ረጅም ነበር አልሁት። ያን ጊዜ የገዛ ጆሮየ አልሰማውም። ዘበኛው የቆመው አማርኛው በር ላይ ነበራ።

ኡስታው ሰምቷል። እርሳሱን ወደ ጆሮው መለሰው።

«ወንድምሽ የት ነው?»

«ካርቱም።»

«ዱላቡን ማን አዘዘው?»

«እናቴ።»

ጎንበስ ብሎ መላጊያውን አነሣ። እስካሁን ያወራ የነበረው ሰውየ ድምፁ ዝቅ አለ። «ጠይብ፣ እሺ ያ ቢቲ። ለእናትሽ የሚሆናትን እሠራለሁ።» ለደንበኛ የሚባል ጥሩ ቃል መሰለኝና አመስግኜው ሄድሁ።

እናቴ በእነዚያ የጥበቃ ቀናት እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። አልጋውን ወደ አንድ ጥግ ገፍታ ለቁም ሳጥኑ ቦታ ለየች። የእንጨት መስቀያዎች ከገበያ ገዝታ መጣች። ልብሱን ሁሉ እንደገና አጠበች፤ ጀላቢያውን ስታጥብ ታንጎራጉር ነበር። ኮቱን ደግሞ ለእኔ ሰጠችኝ። «ለሌላ የምትሰፊ ሴትዮ፣ ለወንድምሽ ብትደርቺ እጅሽ አይቆረጥም» ብላ ቀለደችብኝ።

ስፌት ቤት ወሰድሁት። የክሩን ቀለም ለማመሳሰል ስንት ክር አገላበጥሁ። የሞተውን የወንድሜን እጀታ፣ ክንዱ ዳግመኛ የማይገባበትን፣ ቀዳዳው እንዳይታይ ተጠንቅቄ ሰፋሁት። ስጨርስ እጄን በእጀታው ውስጥ አሳልፌ ሞከርሁት። ባለ ስፌት ቤቷ «የማን ነው፣ ያምራል» አለችኝ። «የወንድሜ» ብየ ዞር አልሁ። እናቴ ስፌቱን በጣቷ ዳብሳ «ማን አስተማረሽ እባክሽ!» አለች።

ዱላቡ የመጣው ጧት ነው፣ በአህያ ጋሪ፤ እኛ እንደ እነሱ ካሮ ነው የምንለው። የጎረቤታችን እትየ ብርቄ ልታይ ቀድማ መጥታለች። ልብሱ ሁሉ ግቢው ገመድ ላይ በየመስቀያው ሆኖ ይጠብቃል። ኡስታ ባቢክር ከካሮው ኋላ በእግሩ ይከተላል። የሥራ ልብሱን አልለበሰም፤ በተተኮሰ ነጭ ጀላቢያና በትልቅ ጥምጣም ነው የመጣው።

«እይው እባክሽ!» አለች እናቴ ለእትየ ብርቄ። «ቁም ሳጥን ነው ሙሽራ የሚያመጣልኝ?»

ባለካሮውና ኡስታው ተጋግዘው አስገቡት። የተሸፈነበት ጆንያ ተገፈፈ። ከአሮጌ ሳጥን የተሠራ ነው ብሎ ማን ያምናል። በሩ ላይ እንደ ቅጠል ያለ ጥርብ አለው፣ እግሩ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ቀለሙ የተወለወለ። እትየ ብርቄ እልል አለች። እናቴም አብራ እልል አለች። ያ እልልታ እስከ ዛሬ ከጆሮየ አልወጣም።

እናቴ በሩን ከፈተችው። ውስጡ ከላይ እስከ ታች መደርደሪያ ነው።

እጇን አስገብታ አንዱን መደርደሪያ ዳበሰች፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ሣቀች። «ምንድን ነው ይኼ? ቡፌ እኮ ነው! ትርንጎ፣ ምን ብለሽ ነው ያዘዝሽው አንቺ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ኡስታው ተሳስቷል፤ ይመለሳል፣ እንደገና ይሠራል፣ በዚህ መሐል አጫጆቹ ይገባሉ፣ እኔም ከዚህ ሸክም እገላገላለሁ ብየ አሰብሁ። «ተሳስቶ ነው እማየ፣ አሁኑኑ ይወስደዋል» አልሁ።

«ኡስታ፣ ደ ሽኑ?» አለችው እናቴ፣ እየሣቀች፤ ይኼ ምንድን ነው ማለቷ ነው።

ኡስታው ስለ ዱላቡ አልመለሰላትም። ፊቷ መጥቶ ቆመ። ሁለት እጆቹን ደረቱ ድረስ አነሣ፣ መዳፎቹን ዘረጋ። «አል-ፋትሐ» አለ።

ገዳሪፍን ለማታውቁ ላስረዳ። እዚህ ለቅሶ ቤት ስትሄዱ፣ ከሰላምታ በፊት፣ ከመቀመጥ በፊት፣ እንዲህ መዳፍ ትዘረጋላችሁ። ኀዘንተኛውም መዳፉን ዘርግቶ ይቀበላችኋል። እስላም ክርስቲያን የለውም፤ ጎረቤትነት ነው። እናቴ ራሷ በስንቱ ደጅ መዳፏን ዘርግታለች። በሕይወት ላለ ሰው ግን እንዲህ የሚያደርግ የለም።

ሣቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። እጇ የዱላቡን በር እንደያዘ ነው።

«ለሚኑ?» አለችው። ለማን?

ኡስታው ግራ ገብቶት እኔን አየኝ። «ለልጅሽ፣ ያ ሐጃ» አላት በዓረብኛ፣ ቀስ ብሎ። «ካርቱም ለነበረው። አላህ የርሐሙ፣ ነፍሱን ይማረው።»

«ኧረ ምን ይላል ይኼ ሽማግሌ!» እትየ ብርቄ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ኧረ ውሸት ነው!»

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። አልጮኸችም።

«ረጅም ነው በዪው አላልሁሽም?»

«ብለሽኛል።»

«እና ምን አልሽው?»

ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። በራሴ ድምፅ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ እንደ ቀላል ነገር። «ካን ጠዊል አልሁት።»

«በአማርኛ በዪው።»

«እማየ...»

«ቤት ውስጥ ነን፣ ትርንጎ። በአማርኛ በዪው።»

ከዚያ በፊት ከአፌ ያልወጣ ቃል ነው። ጋሸ ታደለ ቤት እንኳ አለቀስሁ እንጂ አላልሁትም።

«ረጅም ነበር» አልኋት።

እናቴ በሩን ለቀቀችው። ወደ ኡስታው ዞራ ሁለት እጆቿን አነሣች፣ መዳፏን ዘረጋች፣ ወጉ እንደሚለው ተቀበለችው። ከዚያ እጆቿ መውረድ እምቢ አሉ። እዚያው አየር ላይ ቀሩ። እትየ ብርቄ ናት እያለቀሰች ይዛ ያወረደችላት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂ?» አለችኝ።

«ዝናቡ ሳያቆም።»

«ብቻሽን?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ያንን እጀታ... ያንን እጀታ እያወቅሽ ነው የሰፋሽው?»

እጄን ያዘችው፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ መርፌ ወግቷቸው እንደሁ የምታይ ይመስል። ከዚያ ነው የጮኸችው። «ማስረሻየ!» አለች። ስሙን ስትጠራ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ለእራት፣ ለቁጣ፣ ለጨዋታ። እንዲህ ስትጠራው አልሰማሁም። እኔም ያን ሁሉ ጊዜ ያፈንሁት ለቅሶ መጣና እቅፏ ውስጥ ወደቅሁ።

ኡስታ ባቢክር ነገሩ የገባው ያን ጊዜ ነው። «አታውቅም ነበር? ያ ረቢ፣ አታውቅም ነበር?» እያለ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ጥምጣሙን አውልቆ ጉልበቱ ላይ ጣለው። ሽማግሌ ሰው ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው። ለቅሶው ትንሽ ጋብ ሲል የተናገረውን፣ እናቴ የገበያ ዓረብኛ ብቻ ስለምታውቅ፣ ተረጎምሁላት። እሱም ልጅ ነበረው። ልጁ ሲሞት፣ ልብሱን ለነዳያን ሰጥተው ዱላቡ ባዶውን ቤት ውስጥ ቆሞ ቀረ። ሚስቱ ጧት ጧት እየከፈተች ታየው ነበር። ከቤታችን ስንሸሽ እሱን በመተዋችን ብቻ ነው ያረፍነው አለ። «ልጅሽ ካን ስትለኝ፣ ለዚች እናት ባዶ ዱላብ አላቆምባትም ብየ ነው። ሰሃን ትደርድርበት ብየ።»

ተነሥቶ ወደ ዱላቡ ሄደ። «መደርደሪያዎቹን ልንቀላቸው? ዘንግ ላድርግበት?» አለ። መልስ ሳይጠብቅ ጎኑን በመዳፉ ገፋ አደረገና ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም። እነሱን ካወጣሁ ጎኑ ይከፈታል፣ ይወድቃል። የያዙት እነሱ ናቸው።»

«ኸሊ» አለችው እናቴ፣ ተወው። «ኸሊ፣ ያ ኡስታ። አንተ ምን አደረግህ።»

ተነሥታ ግቢ ወጣች። ልርዳሽ ስላት እጄን ገፋችው። ከገመዱ ላይ ሸሚዙን አወረደች፣ መስቀያውን አወጣች፣ አጠፈችው፣ አምጥታ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ሱሪዎቹን እንደዚያው። ጀላቢያውን ስታጥፍ ርዝመቱ አስቸገራት፤ አንዱን ጫፍ በአገጯ ይዛ ነበር። መጨረሻ ላይ ሰማያዊው ኮት ቀረ። ኮት እንደ ሸሚዝ አይታጠፍም፤ ትከሻው እምቢ ይላል። ዱላቡም ጥልቀት የለውም፤ ለሰሃን ነዋ የተሠራው። እንደምንም አስገብታ በሩን ስትዘጋው የደረትሁት እጀታ ወጥቶ ቀረ፣ በሩም አልገጠመም። አንድ ጊዜ ገፋችው። ከዚያ ተወችው።

እንግዲህ መርዶው ያን ሁሉ ቀን የቆየው ሰው የለም ተብሎ ነው። የእናቴን ጩኸት ሰምተው መጀመሪያ የመጡት ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ናቸው፣ ቶባቸውን እንደነገሩ ደርበው። ኋላ የመጋዘኑ ሴቶች መጡ፣ ሰሊጡ ጸጉራቸው ላይ እንዳለ። ከጦርነቱ ሸሽተው ሰፈራችን የገቡ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ሴቶችም መጡ። ኡስታው ምንጣፍ ተሸክሞ መጥቶ ደጅ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ። ግቢያችን ሰው አልበቃው አለ። ጋሸ ታደለ ወሬው ደርሷቸው በጭነት መኪና ከእርሻ ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው «ማን ነገራት?» አሉኝ። «አናጢው» አልኋቸው። ምን ማለቴ እንደሆነ እስካስረዳቸው ግቢውን ያዩ ነበር። ሰው የለም ሲሉኝ ሰው ብለው የቆጠሩት የእኛን ሰዎች ብቻ እንደ ነበር የገባኝ ያኔ ነው። ለእሳቸውም የገባቸው ይመስለኛል።

ያ ቀን ምን ለወጠብሽ ብትሉኝ፣ ዛሬ የእድራችን ሰዎች መርዶ ለማቆየት ሲመክሩ ከሰማሁ ዝም አልልም። «ሰው አለ፤ ደጁን ክፈቱት፣ ይመጣል» እላለሁ። ዓይን አውጣ የሚሉኝ አሉ። ይበሉኝ። የሰውን ሞት ብቻየን ተሸክሜ ከእናቱ ጋር እራት በልቻለሁ፤ ያንን ለማንም አልመኝም።

ግን ደግሞ፣ እናንተም አንድ ቀን ከዚህ ነገር ፊት መቆማችሁ አይቀርምና አልዋሻችሁም። ጀላቢያውን እያጠበች ስታንጎራጉር የነበረችው እናቴ ትዝ ስትለኝ አፌ ይያዛል። ያንን እንጉርጉሮ ቀደም ብየ ብነጥቃት ይሻል ነበር? አላውቅም። እንደዚያ ስታንጎራጉር ዳግመኛ አልሰማኋትም። መልስ ያላችሁ ሰዎች ታስቀኑኛላችሁ።

እስከ ዛሬ ገዳሪፍ ነን። ኡስታ ባቢክር በየበዓሉ፣ በእኛም በእነሱም፣ ብቅ ብሎ ይጠይቀናል፤ በመጣ ቁጥር ዓይኑ ወደ ዱላቡ በር ይሄዳል። ላስተካክለው ይላል፣ እናቴ ኸሊ ትላለች። እንግዳ ሲመጣ ዱላቡ ማማሩን ያደንቅና ግራ ይገባዋል። ቁመቱ የቁም ሳጥን፣ ውስጡ የቡፌ፣ በሩ ገርበብ ያለ፣ በክፍተቱ ሰማያዊ እጀታ ብቅ ያለ። «እትየ የሻረግ፣ ይኼ ቡፌ ነው ቁም ሳጥን?» ይላሉ።

እናቴ፣ ያቺ ዓረብኛ ከጫማ ጋር ደጅ ይቅር የምትለው፣ ለዚህ ጥያቄ ብቻ በአማርኛ አትመልስም።

«ዱላብ ነው» ትላቸዋለች።